ለአንገት ነርቭ ሕመም፦ መርፌ ወይስ ቱዊና?

ከአንገት ተነስቶ በትከሻ በኩል እስከ ጣት የሚነዝር ሕመም አለ። ብዙ ጊዜ መነሻው አንገት ላይ ጫና ያረፈበት የነርቭ ሥር ነው። ቻይና ውስጥ የባህል ሕክምና ሆስፒታል የሄደ ሰው ሁለት ነገር ይቀርብለታል፦ አኩፓንክቸር የሚባለው የመርፌ ሕክምናና ቱዊና የሚባለው እሽት።

መርፌው የክትባቱ ዓይነት አይደለም። ውፍረቱ ሩብ ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ቀዳዳም የለውም። ከራስ ቅል ሥር ፌንግቺ የሚባለው ነጥብ ላይ፣ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ፣ አንዳንዴም ከትንሿ ጣት በታች የእጅ ጠርዝ ላይ ይሰካል። አንገት ታሞ እጅ ይወጋል! ባለሙያው መርፌውን በጣቶቹ ያሽከረክራል። ታካሚው መክበድ ወይም መደንዘዝ ሲሰማው "ደ ቺ" መጣ ይባላል። ከዚያ 20 ወይም 30 ደቂቃ ዝም ብሎ መተኛት ነው።

ቱዊና የወጌሻን እጅ ያስታውሳል። ባለሙያው የእጁን ጀርባ ትከሻ ላይ እያንከባለለ የተኮማተረውን ጡንቻ ያፍታታል። ለደረቀ አንገት ደስ ይላል። እኔን የሚያስፈራኝ አንገትን ድንገት ጠምዘዝ አድርጎ "ቋ" ማሰኘቱ ነው። አልፎ አልፎ የአንገት ደም ሥር ተቀዶ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። መርፌውም ትከሻ ላይ በጣም ከጠለቀ ሳንባ ሊበሳ ይችላል፤ ግን ብዙም አያጋጥምም።

ሕመሙ እጅ ድረስ ከወረደ እኔ መርፌውን እመርጣለሁ። ሁለቱም ግን የተንሸራተተ ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለውን ትራስ) አይመልሱም፤ ሥራቸው ማስታገስ ነው። እጅ ከዛለ፣ ዕቃ መያዝ ካቃተ ወይም እግር ከተንገዳገደ ሁለቱንም ትቶ ቶሎ ወደ ነርቭ ሐኪም ነው።