የእማዬ ክፍል ኤሲ፦ ዓመት ከተጠቀምንበት በኋላ

እማዬ ባለፈው ኅዳር ከደብረ ብርሃን ወደ እኛ ቤት መጣች። የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ያዘጋጀንላት ክፍል ድሮ ጋራዥ ነበር። ግድግዳውን አልብሰን፣ ወለሉን አንጥፈን፣ መስኮት አውጥተንለት ያማረ ክፍል ሆነ። አንድ ነገር ግን ጎደለው። የቤቱ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ እዚያ ድረስ አይደርስም። ሦስቱ ግድግዳ ወደ ውጭ ነው። ከምንጣፉ ሥር ያለው ሲሚንቶ ነው። ልትመጣ ሦስት ሳምንት ሲቀራት አንድ ጠዋት ቴርሞሜትር አስቀምጬ ባየው 52 ፋራናይት አነበበ። በእኛ አቆጣጠር 11 ዲግሪ ገደማ መሆኑ ነው።

በስልክ ስነግራት «የደብረ ብርሃን ሰው ብርድ ያስፈራዋል ብለህ ነው?» አለችኝ። እሷን ባያስፈራት ጉልበቷን ያመዋል። 74 ዓመቷ ነው።

ሚኒ ስፕሊት የሚሉትን፣ አንዱ ክፍሉ ውስጥ ሌላው ውጭ የሚቀመጠውን ኤሲ፣ ለማስገባት 4,600 ዶላር ጠየቁኝ። ወለል ላይ የሚቀመጠውን ትንሽ ሂተር ደግሞ አልፈለግኩም። እማዬ ነጠላዋ መሬት እየነካ ነው የምትንቀሳቀሰው፤ እሳት ፈራሁ። ስለዚህ በሥራዬ የማውቀውን ዕቃ ገዛሁ። ኤርፖርት አጠገብ ባለ አንድ ሆቴል የጥገና ክፍል ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። የዚያ ሆቴል ክፍሎች በሙሉ በዚህ ዓይነት ኤሲ ነበር የሚሞቁትም የሚቀዘቅዙትም።

አሜሪካ ሆቴል አድራችሁ ከሆነ መስኮት ሥር ያለውን ረጅም ሳጥን አይታችሁታል። እሱ ነው። ባለሙያዎቹ ፒታክ ይሉታል። ኮምፕሬሰሩም፣ ፋኑም፣ ማሞቂያውም አንድ ሳጥን ውስጥ ናቸው። ውጭ የሚቀመጥ ሌላ ማሽን የለውም። ግድግዳው ተቆርጦ ስሊቭ የሚባል የቆርቆሮ ሳጥን ይገባል፤ ማሽኑ ደግሞ እሱ ውስጥ እንደ መሳቢያ ይገፋል። አማና፣ ጂኢ፣ ፍሬድሪክ፣ ሌሎችም ይሠሩታል። የስሊቩ መለኪያ በአብዛኛው አንድ ነው፦ ወርዱ 42 ኢንች፣ ቁመቱ 16 ኢንች። ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። ዛሬ የአንዱን ፋብሪካ ገዝታችሁ ከዓመታት በኋላ በሌላው ብትቀይሩት ግድግዳ አታፈርሱም። ሆቴል እያለሁ የተበላሸውን ስቦ አውጥቶ ሌላ ለማስገባት ሩብ ሰዓት ይበቃን ነበር።

ማቀዝቀዣው እንደ ማንኛውም ኤሲ ነው። ማሞቂያው ግን ይለያል። ውስጡ የሽቦ ጥቅልል አለ። መብራት ሲያገኝ ይግላል፤ ፋኑ ሙቀቱን ወደ ክፍሉ ይነፋዋል። በቃ። ለእማዬ ሳስረዳት «እንደ ኤሌክትሪክ ምጣድ ቁጠሪው» አልኳት። አገር ቤት ያለው ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። የገዛሁት ማሽን ሂተርም 3.5 ኪሎዋት ነው። ትንሽ አሰበችና «ታዲያ ቀኑን ሙሉ ምጣድ ተጥዶ ሊውል ነው?» አለችኝ። ጥያቄዋ ልክ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቤታችን ስሙ ምጣዱ ሆኖ ቀረ።

ስገዛ ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። ክፍሉ 260 ስኩዌር ፊት ገደማ ነው። ለዚህ ስፋት 7,000 ቢቲዩ (የኤሲ አቅም የሚለካበት ነው) ይበቃ ነበር። ሦስት ግድግዳው ውጭ ስለሆነ ግን 9,000 ወሰድኩ። በዚህ አልተጸጸትኩም። የተሳሳትኩት ገመዱ ላይ ነው። በብዙዎቹ ማሽኖች የሂተሩን ኃይል የሚወስነው የምትሰኩት ገመድ ነው። ባለ 15 አምፒሩ ገመድ 2.5 ኪሎዋት ይሰጣል፣ ባለ 20ው 3.5፣ ባለ 30ው ደግሞ 5 ኪሎዋት። የሦስቱም ሶኬት ቅርጽ የተለያየ ነው። ኤሌክትሪሻኑ 20 አምፒር ብሬከርና ሶኬት ገጥሞ ሄደ። ካርቶኑን ስከፍት የመጣልኝ ባለ 30 ገመድ ነው። ጥርሱ አልገባም። ያዘዝኩበት ሱቅ ለመቀየር 11 ቀን አስጠበቀኝ። እማዬ ደግሞ የምትመጣው በሳምንቱ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሳሎን አሳደርናት። ስለዚህ ስትገዙ መጀመሪያ ብሬከሩን እዩ፣ ቀጥሎ ሶኬቱን፣ ከዚያ ገመዱን ምረጡ። ማሽኑ 230 ቮልት ነው፤ የራሱ መስመር ይፈልጋል። ኤክስቴንሽን ላይ በጭራሽ አይሰካም።

ወጪው እንዲህ ነበር። ማሽኑ 940 ዶላር፣ ስሊቩና የውጭው ፍርግርግ 160፣ ኤሌክትሪሻኑ 550፣ ግድግዳ የቆረጠልኝ አናጺ 400። በድምሩ 2,050 ዶላር።

መጀመሪያ የለኮስኩት ቀን የተቃጠለ አቧራ ሸተተ። እማዬ ደነገጠች። ይሄ የሚጠበቅ ነው። ሽቦው ላይ ያረፈው አቧራ ሲቃጠል ነው፤ በየዓመቱ ብርድ ሲጀምር አንድ ጊዜ ይመጣል። መስኮት ከፍታችሁ ሩብ ሰዓት ብታሠሩት ይጠፋል። ካልጠፋ ወይም ፕላስቲክ ፕላስቲክ ከሸተተ ግን አጥፉትና ሰው ጥሩ።

ክፍሉን ለማሞቅ ፈጣን ነው። ከ55 ወደ 70 ፋራናይት ያመጣው በ25 ደቂቃ ውስጥ ነው። ሲሞቅ ኮምፕሬሰሩ ስለማይሠራ የሚሰማው የፋኑ ድምፅ ብቻ ነው። እማዬ ሌሊት ጸሎት ላይ ስትሆን እንኳ አልረበሻትም።

የማሽኑ ቁልፎች ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነው። እማዬ አታነበውም። ነጭ ፕላስተር ቆርጬ «ማሞቂያ»፣ «ማቀዝቀዣ»፣ «ጨምር»፣ «ቀንስ» ብዬ ጽፌ ለጠፍኩላት። በሁለት ቀን ለመደችው። ወላጅ ለሚያመጣ ሰው ሁሉ ይሄን አደራ እላለሁ። ሰው በልጁ ቤት ብርድ ሲይዘው «አሙቁልኝ» ብሎ መለመን የለበትም።

ፋኑ ሁለት አሠራር አለው። አንደኛው ሙቀቱ ሲሞላ ፋኑም አብሮ ይቆማል። በሁለተኛው ፋኑ ዝም ብሎ ይነፍሳል። በብርድ ጊዜ የመጀመሪያው ላይ አድርጉት። አለዚያ ሂተሩ ካረፈ በኋላ የሚነፍሰው አየር ለብ ያለ ስለሚሆን፣ ክፍሉ ሞቆ እያለ ሰውዬው ይበርደዋል። ሆቴል እያለሁ «ሂተሩ ቀዝቃዛ ይነፍሳል» ተብዬ ስጠራ ብዙ ጊዜ ነገሩ ይሄ ነበር።

ሌላው የአየር በሩ ነው። ጎን ላይ ትንሽ ማንሻ አለች። ስትከፈት ከውጭ አየር ታስገባለች። የኛ ማሽን ሲመጣ ክፍት ነበረች። በታኅሣሥ ያሞቅነው ክፍል የሚቀዘቅዘው በሷ በኩል እንደነበር ያወቅኩት ከአሥር ቀን በኋላ ነው። አሁን ዘግተናታል። የምትከፈተው እማዬ ቡና ስትቆላ ነው። ያን ጊዜም ብቻዋን ጭሱን አትችለውም፤ መስኮትም መከፈት አለበት። መጀመሪያ ቀን የጭስ አላርሙ ጮኾ ሰፈሩን አነቃው።

አሁን ወደ መብራት ቢሉ ልምጣ። ኅዳር ላይ የከፈልኩት 118 ዶላር ነበር። ጥር ላይ 231 መጣ። ሌላ የጨመርነው ዕቃ የለም። ስሌቱ ቀላል ነው። በምከፍለው ዋጋ አንድ ኪሎዋት ሰዓት 15 ሳንቲም ገደማ ነው። 3.5 ኪሎዋት ሂተር አንድ ሰዓት ሲሠራ ከ50 ሳንቲም በላይ ይበላል። በቀን ሰባት ሰዓት ቢሠራ በወር 110 ዶላር ይሆናል። የእማዬ ጥያቄ ትዝ አለኝ። በእርግጥም ምጣድ ተጥዶ ነበር የሚውለው።

የካቲት ላይ ሁለት ነገር አደረግኩ። በስሊቩና በግድግዳው መካከል የቀረውን ክፍተት በፎም ሞላሁት። እጄን ሳስጠጋ ነፋስ ይሰማኝ ነበር፤ አናጺው በደንብ አልዘጋውም። ይሄ የዚህ ማሽን ዋና ድክመት ይመስለኛል፦ ግድግዳችሁ ላይ ትልቅ ቀዳዳ ነው የምትከፍቱት። ሁለተኛ፣ እማዬ ስትተኛ ወደ 64 እንድታወርደው ተስማማን። ብርድ ልብስና ጋቢ አላት። ቢሉ ወደ 186 ወረደ።

ደግሜ ብገዛ ሂት ፓምፕ ያለበትን እወስዳለሁ። ቅርጹ ያው ነው፤ ያው ስሊቭ ውስጥ ይገባል። ውጭው በጣም እስካልቀዘቀዘ ድረስ የማቀዝቀዣውን አሠራር ገልብጦ ከውጭ አየር ሙቀት ይስባል። ለተመሳሳይ ሙቀት የሚፈጀው መብራት ከሽቦው ሢሶ ገደማ ሊሆን ይችላል። ከ35 እስከ 40 ፋራናይት አካባቢ ሲወርድ ወደ ሽቦው ይዞራል። እኔ ስገዛ የዋጋው ልዩነት 150 ዶላር ነበር። ቆጠብኩ ብዬ ተውኩት። ጥር ላይ ብቻ ቢሉ ከኅዳሩ በ113 ዶላር በለጠ። እንደኛ ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ላላችሁ ይሄ ዋናው ምክሬ ነው። ፍሎሪዳ ላላችሁ ግን በዓመት ጥቂት ቀን ስለሆነ የምታሞቁት፣ ባለ ሽቦው ይበቃችኋል።

አንድ ያስደነገጠኝ ነገር አለ። መጋቢት ላይ ከሥራ ስመለስ ሂተሩ ጠፍቷል። እማዬ ጋቢዋን አጥባ፣ እንዲደርቅላት ማሽኑ ላይ አልብሳው ነበር። አየር መውጫውን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖታል። ደግነቱ ሙቀት ሲበዛ የሚቆርጥ መከላከያ ስላለው ራሱን አጠፋ። ጋቢውን ሳነሳ ከሥሩ እንደ እሳት ይፋጅ ነበር። አልተቆጣኋትም፤ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር ነገርኳት። እሷም ጋቢዋን አጥፋ አስቀመጠችና «ልጆቹ እዚህ ነው የሚጫወቱት» አለች። ከዚያ ወዲህ ምንም አታስቀምጥበትም። መጋረጃውንም አሳጥሬዋለሁ።

የሂተሩ አየር ደረቅ ነው። አፍንጫዋን ነስሯት ያውቃል። ማታ ማታ ጥግ ላይ አንድ ድስት ውሃ ማስቀመጥ ጀመረች፤ ቀለል አላት።

በሙቀቱ ወራት ግን ይሄን ማሽን አመሰገንኩት። ሐምሌ ላይ ውጭው 95 ፋራናይት ሆኖ፣ አየሩ እርጥብ ሆኖ፣ የእማዬ ክፍል 74 ላይ ጸንቶ ይውላል። ሲያቀዘቅዝ የሚስበው 800 ዋት ገደማ ነው፤ ከሂተሩ ሩብ አይሞላም። የሙቀት ወራት ቢላችን ከ30 ዶላር በላይ አልጨመረም። ድምፁ ግን ይበረታል። ኮምፕሬሰሩ ሲነሳ ይንቀጠቀጣል። እንቅልፉ ቀላል የሆነ ሰው አልጋውን ያርቅ። «ውስጡ ውሃ ይፈሳል» ብላም ጠራችኝ። አልተበላሸም። ፋኑ የተጠራቀመውን ውሃ በውጭ በኩል ወዳለው፣ ሙቀት ወደሚያስወጣው የማቀዝቀዣው ጥቅልል ይረጨዋል፤ ጥቅልሉ እንዲቀዘቅዝ ይረዳዋል። የተረፈው ውጭ ይንጠባጠባል።

አጥፍታችሁ ወዲያው ብትከፍቱት ሦስት ደቂቃ ያህል ዝም ይላል። ኮምፕሬሰሩን ለመጠበቅ ነው። ልጆቼ ተበላሸ ብለው ቁልፉን ይደበድቡት ነበር። ጠብቁት።

ፊልተሩን በየወሩ እጠቡ። ከፊት ለፊት ተስቦ ይወጣል፤ በለብ ያለ ውሃ ታጥቦ፣ ደርቆ ይመለሳል። የኛ በሦስት ሳምንት ይሞላል። የቡናው ገለባና የዕጣኑ ጭስ ተጣብቆ ቡናማ ያደርገዋል። ሆቴል እያለሁ ለጥገና ከምጠራባቸው ክፍሎች አብዛኛዎቹ ፊልተራቸው የተደፈነ ወይም ሶፋ የተደገፈባቸው ነበሩ። ገመዱ ጫፍ ላይ ያለችውን የመሞከሪያ ቁልፍም በወር አንዴ ተጫኗት። መብራቱን ከቆረጠች፣ አጠገቧ ያለውን የመመለሻ ቁልፍ ስትጫኑም ከተመለሰ ደህና ናት ማለት ነው።

ማቀዝቀዣውን ከአምስት አራት ተኩል እሰጠዋለሁ። ማሞቂያውን ሦስት። ፍጥነቱ ግሩም ነው፤ ቢሉ ግን ይከብዳል።

ትናንት ማታ 41 ፋራናይት ነበር። ፊልተሩን አጥቤ፣ የአየር በሯን ዘግቼ፣ አዲስ ፕላስተር ለጠፍኩ፤ የድሮው ጽሑፍ ደብዝዞ ነበር። እማዬ ከአልጋዋ ሆና አየችኝ። «ዛሬ ምጣዱን አትጣደው» አለችኝ፤ «ገና አልበረደኝም።»