ዲኤክስ በአቫንዛ ሞተር፦ ከወራት የጣርማ በር ዳገት በኋላ

ሞተሩን ከቀየርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። መኪናዋ ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ናት፤ ኬኢ 70 የሚባለው ቅርጽ፣ እ.ኤ.አ. የ1982 ስሪት። የገባላት 3ኤስዜድ-ቪኢ ነው፣ የአቫንዛው 1.5 ሊትር ቤንዚን ሞተር። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ብዙ ጊዜ የምነዳው ወደ ሸኖና አዲስ አበባ ነው፤ ካልሆነም በጣርማ በር ወርጄ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት። መንገዱን የጠቀስኩት ምርጫዬን የወሰነው እሱ ስለሆነ ነው።

"ለምን ሌላ መኪና አትገዛም?" የሚለኝ ሞልቷል። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አሮጌ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው። በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ። የእኔዋ ቆርቆሮዋ ደህና ነው፣ ሻንሲዋ አልተነካም። ደግሞም እወዳታለሁ፣ ምን ላድርግ።

የድሮው ሞተር 4ኬ ነበር፤ 1,290 ሲሲ፣ ስምንት ቫልቭ፣ ባለ ካርቡራተር (ያለ ኮምፒውተር ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅል ዕቃ)። ክፉ ሞተር አይደለም። በመፍቻና በመዶሻ መንገድ ዳር ይሠራል። ችግሩ ከፍታው ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት፤ ጣርማ በር ደግሞ ከ3,000 ያልፋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ሁሉ እዚህ ከጉልበቱ ከሩብ በላይ ያጣል። ካርቡራተር የአየሩን መሳሳት አያውቅም፤ ቤንዚኑን በለመደው ልክ ያፈሳል። እሳት የሚሰጠው ካንዴላ ይጠቁራል፣ ሚኒሞው (መኪናው ቆሞ ሞተሩ የሚዞርበት ልክ) ይንገዳገዳል፣ ነዳጁ ያልቃል። ለደብረ ብርሃን ብታስተካክሉት ደግሞ ሸዋ ሮቢት፣ 1,300 ሜትር አካባቢ ስትደርሱ ቤንዚን ያንሰውና ይሞቃል። ሁለቱን ከተሞች በአንድ ቀን ለሚመላለስ ሰው ይህ አያልቅም።

መካኒኬ ከመኪናዋ በዕድሜ የሚበልጡ ጋሼ ናቸው። የሞተር ስም እየደረደርኩ ስጠይቃቸው፣ "አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ ካምቢዮውን እይ፤ ሞተርማ የትም አለ" አሉኝ። ካምቢዮ ማርሹ ያለበት ሳጥን ነው። ምርጫው በዚህ አለቀ ማለት ይቻላል።

ዲኤክስ የምትነዳው በኋላ እግሯ ነው። የኋለኞቹ ኮሮላዎች 4ኤና 5ኤ ሞተር ግን ለፊት እግር የተሠራ፣ ኮፈኑ ሥር በአግድም የሚቀመጥ ነው። የቪትዝም እንደዚያው። ሞተሩን ዞር አድርጎ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ግን ካምቢዮ ከሌላ ቦታ ፈልጎ፣ ማገናኛ ቶርኖ አስወጥቶ ነው። የላይትኤሱ 5ኬ ከ4ኬ ጋር አንድ ቤተሰብ ስለሆነ ሰተት ብሎ ይገባል፤ 1,486 ሲሲ ነው። ያው ካርቡራተር ስለሆነ ግን የሸሸሁትን መልሶ ያመጣብኛል። አቫንዛ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኋላ እግር ነጂ ነበረች፣ ሞተሯም በቁመት ነው የሚተኛው። ካምቢዮው ከጀርባው አብሮ ይመጣል። ባለ 16 ቫልቭ፣ ባለ ኢንጄክተር (ቤንዚኑን በኮምፒውተር ልክ የሚረጭ)፣ በቀበቶ ሳይሆን በሰንሰለት የሚሠራ። አዲስ አበባ ውስጥ አቫንዛ ታክሲ ስለሆነ ዕቃው የመለዋወጫ ገበያው ሱማሌ ተራ አይጠፋም።

ሲገባ የሞተር ሱፖርቱ በብየዳ ተሠራ፣ ከካምቢዮው ወደ ኋላ እግር የሚሄደው ዘንግ (ትራንስሚሲዮኑ) ተቆርጦ ባላንስ ተደረገ፣ ሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ኮፓ ከፊት ብረት ጋር ስለተነካካ ተስተካከለ። የኤሌክትሪክ ገመዱና ሞተሩን የሚያዘው ኮምፒውተር ከሞተሩ ጋር አንድ ላይ መገዛት አለባቸው። ለብቻ እየለቀሙ መሰብሰብ ጣጣ መፈለግ ነው።

ትልቁ ራስ ምታት ነዳጁ ሆነ። የ4ኬ ፓምፕ ሞተሩ ጎን ላይ ተቀምጦ በትንሽ ግፊት ይስባል። ኢንጄክተር ግን 3 ባር ገደማ ይፈልጋል፤ ስለዚህ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ተገጠመ። ሜዳ ላይ ምንም አልነበረም። ከደብረ ሲና ወደ ላይ ስወጣ፣ ታንኩ ከሩብ በታች ሲሆን፣ ኩርባ ላይ ሞተሩ እንቅ! ይል ጀመር። ሴንሰር ተቀየረ፣ ካንዴላ ተቀየረ። ጉዳዩ ሌላ ነበር፦ የድሮው ታንክ ውስጡ ከልካይ የለውም፣ ዳገትና ኩርባ ላይ ቤንዚኑ ወደ አንድ ጥግ ይሸሻል፣ ፓምፑ አየር ይጠጣል። ካርቡራተር ጎድጓዳ ውስጥ የሚያቆየው ቤንዚን ስላለው ይህን አይቆጥረውም፤ ኢንጄክተር ግን ለአፍታም አይታገስም። በታንኩና በፓምፑ መካከል ሁሌ የሚሞላ ትንሽ ታንክ ገባ። ከዚያ ወዲህ ጭጋጉ ውስጥ መሐል ዳገት ላይ ጠፍታብኝ አታውቅም። ይህን ሥራ የምታስቡ ካላችሁ ትንሹን ታንክ ከመጀመሪያው አስገቡ።

ሌላው የራዲያተር ክዳን ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ውኃ 90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ፣ ሞተሩ በጤናው በሚሠራበት ሙቀት ውኃው ይፈላል። ክዳን ርካሽ ነው፣ በሙቀት የሚበላሸው የሞተሩ ራስ (ቴስታታ) ግን ርካሽ አይደለም።

አነዳዱስ? ወረቀቱ ላይ ከ100 ትንሽ የሚበልጥ የፈረስ ጉልበት አለው፤ እዚህ ከፍታ ላይ 80 ቢደርስ ነው። ስለዚህ "ትበራለች" ብዬ አልዋሽም። የተለወጠው ሌላ ነው። በጥቅምት ውርጭ ጠዋት ቾክ ሳልጎትት ትነሣለች። በሦስተኛ ማርሽ የምንፏቀቅበትን ዳገት አሁን የጭነት መኪና ቀድሜ እወጣለሁ። ሸዋ ሮቢትም ደብረ ብርሃንም ሚኒሞዋ አንድ ነው። በሊትር ከ10 ኪሎ ሜትር የማታልፍ መኪና አሁን 13 አካባቢ ትሄዳለች፣ በተለይ ከጫጫ እስከ ሸኖ ባለው ሜዳ።

የማልወደውም አለ። ዲፈረንሻሉ የድሮው ስለሆነ አንደኛ ማርሽ ረዘም ብሏል፤ ሰው ሞልቶ ዳገት ላይ መነሣት ፍሪሲዮን ያስበላል። የፍጥነት መለኪያዋ በገመድ ትሠራ ነበር፣ አዲሱ ካምቢዮ ደግሞ ገመድ አያውቅም፤ እስካሁን ፍጥነቴን የማየው በስልክ ነው። ፍሬኑ የድሮው ነው። ቁልቁለቱን በማርሽ ይዤ ነው የምወርደው፤ ጉልበት የጨመረ ሰው ፍሬንም ማሰብ አለበት።

ወረቀቱን አትናቁት። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር አለ፣ ለቦሎ ስትሄዱ ይታያል። አንዱ ሻጭ የሞተሩን የጉምሩክ ወረቀት፣ ዲክላራሲዮኑን፣ "ነገ እሰጥሃለሁ" እያለ አመላልሶኝ ሌላ ዘንድ ገዛሁ። ብር ከመክፈላችሁ በፊት ዲክላራሲዮኑን በእጃችሁ ይዛችሁ ሞተሩ ላይ ከተቀረጸው ቁጥር ጋር አስተያዩ።

4ኬያችሁ ጤነኛ ከሆነና ኑሯችሁ ሸዋ ሮቢት ወይም አጣዬ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልጋችሁም። ካርቡራተሩን አሳጥቡና ንዱ።