ጌም ኦፍ ትሮንስ፦ በመጽሐፉ ልጀምር ወይስ በፊልሙ?

«ጌም ኦፍ ትሮንስን እስካሁን አላየሁም። በመጽሐፉ ልጀምር ወይስ በፊልሙ?» የሚለኝ ሰው ዛሬም አይጠፋም። ተከታታይ ፊልሙ በ2019 ቢያልቅም ጥያቄው አላረጀም። ነገሩ ወጪ አለው። መጽሐፉ ወፍራም ነው፤ ርካሽም አይደለም። ፊልሙ ደግሞ ወርኃዊ ክፍያ አለበት፣ በዚያ ላይ ዳታ ይበላል። ስለዚህ ሰፊውን ክርክር ትቼ የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ፣ እሱ ከሚሸፍናቸው የመጽሐፉ ምዕራፎች ጋር ጎን ለጎን ላስቀምጠው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የመጨረሻውን ትዕይንት አልናገርም፤ አትስጉ።)

የጆርጅ አር. አር. ማርቲን ልቦለድ የወጣው በ1996 ነው። የአሜሪካው የቴሌቪዥን ጣቢያ ኤችቢኦ የመጀመሪያውን ክፍል ያሳየው ኤፕሪል 17 ቀን 2011 ነበር። ክፍሉ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የመጀመሪያው ሲዝን አሥር ክፍል ነው። መጽሐፉን በድምፅ ላዳምጠው ያለ ሰው ግን ከ33 ሰዓት በላይ ይጠብቀዋል።

ሁለቱም የሚጀምሩት ከግዙፉ የበረዶ ግንብ ማዶ፣ ጫካ ውስጥ ነው። ሦስት ጠባቂዎች ሰው ያልሆነ ነገር ይገጥማቸዋል። አለቃቸው ሰር ዌይማር ሮይስ የሚባል የጌታ ልጅ ነው። በመጽሐፉ ውድ ካባውን ደርቦ ይጎማለላል፤ የበታቾቹ ከኋላው ይስቁበታል። እኛም አብረን እንንቀዋለን። ያ ነገር ከዛፎቹ መሃል ብቅ ሲል ግን ልጁ አይሮጥም። እየፈራ ሰይፉን ይዞ ይቆማል፣ ሰይፉ እስኪሰባበር ድረስ ይፋለማል። የናቅነውን ሰው በትንሽ ገጽ ውስጥ እናከብረዋለን። ፊልሙ ላይ ሮይስ ከኋላው የመጣበትን ፍጡር ዞር ብሎ ከማየቱ አለቀለት። ድንጋጤው አሪፍ ነው። ሰውየውን ግን አላወቅነውም።

ወዲያው ቀጥሎ ግን ፊልሙ ይበልጣል። ከሦስቱ አንዱ አምልጦ ይከዳል፤ የዊንተርፌሉ ጌታ ኔድ ስታርክ በገዛ እጁ አንገቱን ይቆርጠዋል። በመጽሐፉ ከዳተኛው ሽማግሌው ጋሬድ ነው። ትዕይንቱን የምናየው በኔድ ትንሽ ልጅ በብራን ዓይን ስለሆነ፣ ሰውየው ምን እንደተናገረ ልጁ በደንብ አያስታውሰውም። ፊልሙ ከዳተኛውን ወጣቱን ዊልን አደረገው። እኛ ከእሱ ጋር ጫካው ውስጥ ነበርን። ያየውን ሲናገር እውነቱን እንደሆነ እናውቃለን፤ ኔድ ግን አያምነውም። ሰይፉ ሲወርድ ያንገበግባል። ይህች ለውጥ ብልህ ናት።

የክፍሉ ርዕስ የስታርኮች መፈክር ነው፦ «ክረምት እየመጣ ነው»። በእኛ ጆሮ ክረምት ዝናብ፣ ጭቃ፣ የተጠበሰ በቆሎና የትምህርት ቤት እረፍት ነው። ማን ይፈራዋል? እዚያ ግን አንድ ወቅት ዓመታት ይፈጃል። ታሪኩ ሲጀምር በጋው ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ የመጽሐፉ ብራን ደግሞ ሰባት ዓመቱ ነው። ክረምት የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም። መጽሐፉ ይህን ቀስ እያለ ነው የሚያስገባብን። ፍጡራኑም በመጽሐፉ «ሌሎቹ» ነው ስማቸው። እንግሊዝኛው በትልቁ ፊደል ስለሚጽፈው አያምታታም። በአፍ ሲነገር ግን ትልቅ ፊደል የለም፤ ፊልሙ «ነጭ ተጓዦቹ» ይላቸዋል። (በእኛ ፊደልማ መጽሐፉም ላይ ችግር ነበር።)

እኔን የከነከነኝ ልዩነት ካትሊን ናት፣ የኔድ ሚስት። የንጉሥ ሮበርት ቀኝ እጅ የነበረው ጆን አሪን ሞቷል። ንጉሡ ራሱ ዊንተርፌል ድረስ መጥቶ ኔድን «በእሱ ቦታ ተተካ» ይለዋል። በመጽሐፉ ኔድ መሄድ አይፈልግም፤ ሂድ የምትለው ካትሊን ናት። ንጉሥን እምቢ ማለት ጥርጣሬ እንደሚያመጣ ይገባታል። ልጇ ሳንሳ ንግሥት የምትሆንበት ዕድልም ይታያታል። ከእህቷ ምስጢራዊ ደብዳቤ ሲደርሳት ደግሞ ይብስባታል። ፊልሙ ይህን ገለበጠው፤ እዚያ አትሂድ የምትለው እሷ ናት፣ ሂድ ባዩ የቤቱ አማካሪ ነው። ተዋናይቷ ሚሼል ፌርሊ ጎበዝ ናት፤ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ግን ፖለቲካ የሚገባትን ሴት ወስደው ባሏን ደጅ ላይ ይዛ የምታስቀር ሚስት አደረጓት። በመጽሐፉ ኋላ በሚመጣው ሁሉ የእሷም እጅ አለበት። ፊልሙ ላይ ያ ሸክም የለባትም፤ ስለዚህ ቀለለች።

ጆን ስኖው የኔድ ዲቃላ ነው። በንጉሡ ግብዣ ምሽት መጽሐፉ አዳራሹ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ከቤተሰቡ ርቆ፣ ከታች ካሉት ወጣቶች ጋር፣ እየጠጣ። ፊልሙ ጭራሽ ግቢ ያስወጣዋልና ብቻውን በሰይፍ ይለማመዳል። ለካሜራ የሚያምረው ሁለተኛው ነው። ግን ከድግስ መቅረትና ድግሱ ውስጥ ሆኖ መገለል አንድ አይደሉም። በመጽሐፉ የንግሥቲቱ ወንድም አጭሩ ቲሪዮን ከፍ ካለ ቦታ ተገለባብጦ ይወርዳል። ፊልሙ ትቶታል፤ ደግ አደረገ።

የፊልሙን ድካም ግን መካድ ነውር ነው። በ2009 የተቀረጸው የመጀመሪያ ሙከራ በአብዛኛው እንደገና ነው የተሠራው። የካትሊንና የስደተኛዋ ልዕልት የዴኔሪስ ተዋናዮች ተቀይረዋል። አዘጋጆቹ ዴቪድ ቤኒዮፍና ዲ. ቢ. ዋይስ እንደተናገሩት፣ ሙከራውን ያዩ ሰዎች ጄሚና የንጉሡ ሚስት ሰርሲ እህትና ወንድም መሆናቸው ሳይገባቸው ነው የጨረሱት። ያ ካልገባ መጨረሻው ባዶ ነው። አሁን ባለው ክፍል በጆን አሪን አስከሬን አጠገብ ሲያወሩ ነገሩ በግልጽ ይነገራል። መጽሐፉ ውስጥ ይህ ትዕይንት የለም፤ ምዕራፎቹ በስምንት ሰዎች ዓይን ስለሚሄዱ ሁለቱን ከውስጥ አናያቸውም። ሌላው የፊልሙ ድል ዶትራኪኛ፣ የፈረሰኞቹ የዶትራኪ ሕዝብ ቋንቋ ነው። መጽሐፉ ላይ ጥቂት ቃላት ናቸው፤ ለፊልሙ ዴቪድ ፒተርሰን የሚባል የቋንቋ ባለሙያ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ ሠርቶላቸዋል።

አንድ ማሳሰቢያ። ፊልሙ የልጆቹን ዕድሜ ከፍ አድርጓል፤ ብራን ከ7 ወደ 10፣ ጆንና የኔድ የበኩር ልጅ ሮብ ከ14 ወደ 17። ቢሆንም ክፍሉ እርቃን፣ ሴተኛ አዳሪ ቤትና በግዳጅ የሚያልፍ የሠርግ ሌሊት አለው። ሳሎን ከቤተሰብ ጋር የሚታይ አይደለም። ሪሞት ፍለጋ ትራስ ስር ስትገቡ ትገኛላችሁ። መጽሐፉም ለልጅ አይሆንም።

እንግዲህ ግዢው። እንግሊዝኛ ማንበብ የማይከብዳችሁ ከሆነ መጽሐፉን አስቀድሙ። ግን የመጀመሪያውን ቅጽ ብቻ። አምስቱን በሳጥን የሚሸጡላችሁን እለፏቸው። አምስተኛው የወጣው በ2011 ነው፤ ደራሲው ያሰባቸው ሰባት ናቸው፣ ታሪኩ መቋጫ የለውም። ፊልሙ ቢያንስ በ73 ክፍል ይዘጋል፤ አዘጋጉ ብዙ ሰው ቢያናድድም።

የብራን ሁለተኛ ምዕራፍ ሲያልቅ አቁሙና ክፍሉን እዩት። መቶ ገጽ ገደማ ነው። የዴኔሪስ ጋብቻ ብቻ ከዚያ በኋላ ባለ ምዕራፍ ላይ ነው ያለው። እስከዚያ ድረስ መጽሐፉ ካልያዛችሁ ለሚወዳችሁ ሰው ስጡትና በፊልሙ ቀጥሉ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ከሥራ በኋላ ደክሟችሁ የምታነቡና የሰው ስም የሚጠፋባችሁ ከሆነ ግን በቀጥታ ወደ ፊልሙ። ፊት ከስም ይልቅ ይያዛል።

በወረቀት ስትገዙ ትንሿን የኪስ እትም ገልጣችሁ ፊደሏን እዩ፤ ዓይን ትፈጃለች። በስልክ የምታነቡ ደግሞ መጨረሻው ላይ የቤተሰቦቹ ዝርዝር አለ፤ ገና ሳትጀምሩ ምልክት አድርጉበት።