«ዕቃ በመጠበቅ ላይ»፦ የጥገና መከታተያ ሶፍትዌራችን ከ9 ወር በኋላ

«ያ ፓምፕ ምን ደረሰ?» የጥገና ክፍል የመራ ሰው ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። ጠዋት ከምርት ክፍል ይመጣል፣ ከሰዓት ከሥራ አስኪያጁ፣ ማታ ደግሞ በስልክ። መልሱ ያለው ፎርማኑ ዘንድ ነው። ፎርማኑ ጣሪያ ላይ ወጥቷል፤ ስልኩንም አያነሳም። ስለዚህ «እየተሠራ ነው» ብዬ እገላገላለሁ። ያኔ «እየተሠራ ነው» የማይሸፍነው ነገር አልነበረም።

ሶፍትዌሩን ያስገባነው ከዚህ ጥያቄ ለመገላገል ነው ብል አላጋነንኩም። ከዚያ በፊት ወርክ ኦርደር (የሥራ ማዘዣ) በወረቀት ነበር። አንዱ ኮፒ ስቶር፣ አንዱ ፋይል ውስጥ፣ አንዱ ቴክኒሺያኑ ኪስ ውስጥ በግሪስ ተለውሶ። አሁን እያንዳንዱ ሥራ በስልክም በኮምፒውተርም ይታያል። ጎኑ ላይ የት እንደደረሰ የምትናገር ባለቀለም ምልክት አለች፤ እኛ «ስታተስ» ነው የምንላት። የምጽፈው ስለ እሷ ብቻ ነው። ሶፍትዌሩ ሌላም ብዙ ነገር አለው፤ ግማሹን ከፍተነው እንኳ አናውቅም።

የመጀመሪያው ስህተት የራሳችን ነበር። ስታተስ እንደልብ መፍጠር ስለሚቻል 14 ፈጠርን። «በግምገማ ላይ»፣ «ለመመደብ ዝግጁ»፣ «በከፊል ተጀምሯል»… ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሰው የሚነካው ሦስቱን ብቻ ሆነ። ጓንት ያጠለቀ ሰው 14 ነገር እያነበበ አይመርጥም፤ ከላይ ያገኘውን ይጫናል። ቆራርጠን 7 አደረግናቸው፦ አዲስ፣ ተመድቧል፣ በሂደት ላይ፣ ዕቃ በመጠበቅ ላይ፣ ማሽን እስኪቆም በመጠበቅ ላይ፣ ተጠናቋል፣ ተዘግቷል። ከዚያ ወዲህ አልነካካናቸውም።

ከሰባቱ የሶፍትዌሩን ወጪ የመለሱልኝ ሁለቱ «በመጠበቅ ላይ» ናቸው። ስገዛው እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

አንድ ጊዜ የማቀዝቀዣ ውሃ ፓምፕ «ሜካኒካል ሲል» (በዘንጉ በኩል ውሃ እንዳይወጣ የሚያሽገው ዕቃ) ማፍሰስ ጀመረ። ሥራው ከተከፈተበት እስከተዘጋበት 12 ቀን ፈጀ። ድሮ ቢሆን ስብሰባ ላይ «ጥገና ክፍል አንድ ሲል ለመቀየር 12 ቀን ፈጀበት» ይባላል፤ ተብሎም ያውቃል። የዚያን ቀን ግን የሥራውን ታሪክ ከፍቼ አሳየሁ። «በሂደት ላይ» የነበረው በሁለት ዙር ተደምሮ 5 ሰዓት ነው። አንዱ ዙር ፈትቶ ለማየት፣ ሌላው አዲሱን ገጥሞ ፓምፑንና ሞተሩን ለማስተካከል። የቀረው ጊዜ ከሞላ ጎደል «ዕቃ በመጠበቅ ላይ» ነበር። ቤቱ ጸጥ አለ። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ «ለምን ዘገያችሁ?» አልነበረም፤ «ይህ ሲል ለምን መጠባበቂያ አልተቀመጠለትም?» የሚል ነበር። አሁን ስቶር ውስጥ ሁለት አለ።

አማካይ የጥገና ጊዜ የምታሰሉ ሰዎች ነገሩ ቶሎ ይገባችኋል። የመጠበቂያው ቀን ውስጡ ከገባ ቁጥሩ የቴክኒሺያኑን እጅ መለካቱ ይቀርና የግዥን ፍጥነት ይለካል። ሁለቱም ይለኩ፤ ግን ለየብቻ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የእኛ ሶፍትዌር የመጠበቂያውን ጊዜ እንዲለይ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ መምረጥ ያስፈልጋል። ዝም ካላችሁት ሁሉንም ደምሮ ያወጣል። እኛ የነቃነው በ3ኛው ወር ነው፤ እስከዚያ ያቀረብኩት ሪፖርት ሁሉ ራሴን የሚከስ ነበር።

«ማሽን እስኪቆም በመጠበቅ ላይ» የምትለው ደግሞ ዕቃውም ሰውም ተዘጋጅቶ ምርት ክፍል ማሽኑን ላልለቀቀበት ሥራ ነች። ድሮ ይህ የኮሪደር ጭቅጭቅ ነበር። አሁን የታቀደ ማቆሚያ ሲቃረብ በዚህች ስታተስ ብቻ አጣርቼ ዝርዝሩን አወጣለሁ፤ የዕለቱ ፕሮግራም ግማሹ አለቀ ማለት ነው።

«ተጠናቋል» እና «ተዘግቷል» ለምን ተለያዩ የሚል ሰው አይጠፋም። የእኛም ልጆች ብለዋል። «ጨርሻለሁ አልኩ አይደል እንዴ?» አለኝ አንዱ። ጨርሷል። የኮምፕረሰሩን ቺንጋ ቀይሮ፣ አስነስቶ፣ ድምፁን ሰምቶ ሄዷል። በማግስቱ ቺንጋው ላልቶ ይንሸራተት ጀመር፤ አዲስ ቺንጋ ትንሽ ከሠራ በኋላ ስለሚለጠጥ እንደገና መወጠር አለበት። አሁን «ተጠናቋል» የቴክኒሺያኑ ቃል ነው፤ «ተዘግቷል» የምትባለው ሥራውን የጠየቀው ክፍል ሲቀበል ነው። በኋላ ሳጣራ ትልልቆቹ ሲስተሞችም ይህንኑ ያደርጋሉ። ኤስኤፒ በሚባለው ሶፍትዌር ውስጥ ሥራው መጀመሪያ «በቴክኒክ ተጠናቋል» ይባላል፣ ኋላ ይዘጋል። ማክሲሞ የሚባለውም ማጠናቀቅንና መዝጋትን ይለያል፤ ዕቃ የሚጠብቅ ሥራም የራሱ ስታተስ አለው። ይህን ሳሳያቸው ማጉረምረሙ ቀነሰ። አልጠፋም።

አንድ ነገር ካነሳሁ አይቀር። ስክሪን ላይ «በሂደት ላይ» የሚል ጽሑፍ ማንንም ከአደጋ አያድንም። አንድ አዲስ ልጅ «ስታተሱን ቀይሬያለሁ፣ ማንም አያስነሳውም» ብሎ ብሬከሩን ሳይቆልፍ ሊገባ ሲል ደርሰንበታል። ማሽን የሚቆለፈው በቁልፍና በታግ (በማስጠንቀቂያ ካርድ) ነው። የስልክ ምልክት ኤሌክትሪክ አይቆርጥም። ከዚያ ቀን ጀምሮ «በሂደት ላይ» ከማለታችን በፊት ቁልፉ መግባቱን የሚጠይቅ የግዴታ ሳጥን ጨመርን።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ትልቁ የሰዓቱ ጉዳይ ነው። የፓምፖቹ ክፍል ምድር ቤት ስለሆነ ኔትወርክ የለም። ሶፍትዌሩ ያለ ኔትወርክም ይሠራል ተብሎ ነው የተሸጠልን፤ አዎ ይሠራል። ግን የሚመዘግበው የተጫናችሁበትን ሰዓት አይደለም፤ ስልኩ ኔትወርክ ያገኘበትን ነው። 4 ሰዓት ላይ የተጀመረ ሥራ 6 ሰዓት ላይ ተጀምሮ፣ 6 ሰዓት ላይ አለቀ ይላል። በ0 ደቂቃ ሞተር የሚያወርድ ቡድን አለኝ ማለት ነው። የሰዓቱን ጣጣ የሚያባብሰው ደግሞ የእኛው ልማድ ነው፦ ቀኑን ሙሉ ሳይነኩ ውለው ሺፍት ሊያልቅ ሲል ሁሉንም ባንዴ የሚጫኑ አሉ። እሱን በሶፍትዌር አላሳብብም፤ በየጠዋቱ ትናንት የተጫኑትን አብረን እያየን ትንሽ ተሻሽሏል።

ቀለሞቹም አልተመቹኝም። «ዕቃ በመጠበቅ ላይ» ቀይ፣ «ተጠናቋል» አረንጓዴ ናቸው፤ አንድ ባልደረባችን ሁለቱን አይለይም። መቀየር አይቻልም። ጽሑፉን እያነበበ ነው የሚሠራው፤ ጽሑፉ ደግሞ ደቃቅ ነው። ማሳወቂያው መጀመሪያ ለሁሉም ሰው በየለውጡ ይጮህ ነበር፤ ዘጋነው፣ ሰላም ሆነ።

የሶፍትዌሩን ፈቃድ ለሌላ አንድ ዓመት አድሻለሁ። የሰዓቱን ችግር ለአቅራቢው በጽሑፍ ካቀረብኩ 4 ወር ሆነው። እነሱም ቅሬታ የሚከታተሉበት ገጽ አላቸው፤ ትናንት ገብቼ አየሁት። ስታተሱ «በሂደት ላይ» ይላል። ምን እየጠበቀ እንደሆነ ግን የሚናገር ምልክት የለውም።