ፈረንሳይኛን ከዜሮ ለመጀመር፦ ክፍል፣ የግል አስጠኚ፣ አፕ ወይስ የድምፅ ኮርስ?

ከመክፈልዎ በፊት አንድ ስሌት ይሥሩ። የኮርሱን ዋጋ፣ እርስዎ ራስዎ ተናግረው በሚታረሙባቸው ደቂቃዎች ያካፍሉት። 15 ተማሪ ባለበት ክፍል ከ2 ሰዓት ትምህርት 30 ደቂቃው ለንግግር ቢውል ለአንድ ሰው የሚደርሰው 2 ደቂቃ ነው። የግል አስጠኚ ግን በ45 ደቂቃ ውስጥ 20 ደቂቃ ሊያናግርዎ ይችላል። በሰዓት ሲታሰብ ውድ የሚመስለው አስጠኚ በዚህ ስሌት ብዙ ጊዜ ርካሽ ሆኖ ይገኛል።

በመጀመሪያዎቹ ወራት እርማት የሚያስፈልገው በጆሯችን ምክንያት ነው። "አንተ" እና "ሁሉም" የሚሉት የፈረንሳይኛ ቃላት በእኛ ፊደል ሲጻፉ ሁለቱም "ቱ" ይሆናሉ፤ ለፈረንሳዊ ግን የተለያዩ ድምፆች ናቸው። የመጀመሪያው የሚወጣው ምላስን "ኢ" እንደሚሉ አድርገው ከንፈርን "ኡ" እንደሚሉ ሲያሾሉ ነው። ወይንና ነፋስም በፊደል ሲጻፉ ሁለቱም "ቫን" ናቸው፤ የሚለያዩት በአፍንጫ በሚወጣው አናባቢ ነው። ስለዚህ አነባበቡን በፊደል ጽፎ የሚያስተምር መጽሐፍ አይግዙ፤ ደብተርዎ ላይም እንዲያ አይጻፉ።

ክፍል የሚያሸንፈው በቅደም ተከተሉ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ አሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝ ያለ ቦታ የተመዘገበ ሰው ነገ ምን እንደሚማር ራሱ መወሰን የለበትም። ኤ1 የተባለው የመጀመሪያው የጀማሪ ደረጃ በግምት ከ60 እስከ 100 ሰዓት ይፈጃል፤ በሳምንት 6 ሰዓት ከተማሩ 100ው ሰዓት 4 ወር ገደማ ነው። ችግሩ ከሥራ ጋር ሲጋጭ ይመጣል። የኃላፊ ጊዜ ግሦች በሚጀመሩበት ሳምንት ሁለት ቀን የቀረ ሰው ክፍሉን መልሶ ለመያዝ ይቸገራል። ሲመዘገቡ የተማሪውን ብዛትና ያመለጠ ትምህርት እንዴት እንደሚካካስ ይጠይቁ።

የኦንላይን አስጠኚ ድክመቱ ሥርዓተ ትምህርት የሌለው መሆኑ ነው። ወሬው ወደ እንግሊዝኛ ወይም ወደ አማርኛ ይንሸራተትና ሰዓቱ ያልቃል። በሙከራው ክፍለ ጊዜ ሰዓት ይያዙ፤ ከግማሽ በላይ እሱ ከተናገረ ሌላ ይፈልጉ። ኢንተርኔቱ ሲቆራረጥ ምስሉን አጥፍቶ በድምፅ ብቻ መቀጠል ይቻላል፤ የአፍ ቅርጽ ለመኮረጅ ግን ምስሉ ያስፈልጋል።

ዱኦሊንጎ የተባለው የቋንቋ መማሪያ አፕ በነጻ ይጀመራል፤ ነገር ግን ፈረንሳይኛን በአማርኛ አያስተምርም፣ በእንግሊዝኛ በኩል መዞር ግድ ነው። እዚህ ላይ የሚገርም ኪሳራ አለ። የእንግሊዝኛው "ዩ" አንተን፣ አንቺን፣ እርስዎንና እናንተን አንድ ላይ ይጠቀልላል። ፈረንሳይኛ ግን "ቱ" እና "ቩ" ብሎ ይለያል፤ ለታላቅ ሰው "ቩ" ማለትን አማርኛ ተናጋሪ መማር እንኳ አያስፈልገውም ነበር፣ አፑ ግን ያወናብደዋል። ሌላው ችግር ደግሞ መልሱን ከተደረደሩ ቃላት መምረጥ ነው፤ አይቶ መለየትን እንጂ ከአእምሮ አውጥቶ መናገርን አያለማምድም። ለቃል ጥናት አንኪ የተባለው የማስታወሻ ካርድ አፕ ይሻላል፤ በአንድሮይድና በኮምፒውተር ነጻ ነው፣ በአይፎን ይከፈልበታል። በፈረንሳይኛ እያንዳንዱ ስም ወንዴ ወይም ሴቴ ስለሆነ፣ ስሞችን "አን" (ለወንዴ) ወይም "ዩን" (ለሴቴ) ከሚለው ቃል ጋር ካርድ ላይ ያስፍሩ። ሌሎቹ የጾታ ጠቋሚዎች "ለ" (ወንዴ) እና "ላ" (ሴቴ) በአናባቢ ፊት ስለሚዋጡ ጾታው ይደበቅብዎታል።

እንደ ፒምስለር ያለው የድምፅ ኮርስ በ30 ደቂቃ ክፍሎች ስለተዘጋጀ ታክሲ ውስጥ ለሚውል ሰው ይመቻል፤ አፍንም ያፍታታል። ማንበብና መጻፍ ግን ብዙም አያስተምርም። "እናገራለሁ"፣ "ትናገራለህ" እና "ይናገራሉ" ሲነገሩ ሁሉም "ፓርል" ናቸው፣ ሲጻፉ ግን ሦስት ዓይነት ናቸው። የጽሑፍ ፈተና ካለብዎ ይህን ብቻ ይዘው አይቅረቡ።

ዓላማዎ ካናዳ ከሆነ ሌላ ወጥመድ አለ። ደልፍ የተባለው የፈረንሳይኛ ችሎታ ሰርተፊኬት ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ለኤክስፕረስ ኢንትሪ (ለካናዳ የሠለጠኑ ሠራተኞች የኢሚግሬሽን ማመልከቻ ሥርዓት) ግን ተቀባይነት የለውም። የሚፈለገው ቲሲኤፍ ካናዳ ወይም ቲኢኤፍ ካናዳ የተባለው የፈረንሳይኛ ፈተና ነው፤ ውጤቱም 2 ዓመት ብቻ ይቆያል። ስለዚህ ቀድመው አይፈተኑ። የምርጫ ጥያቄዎቹን ብቻዎን መለማመድ ይችላሉ። በቲሲኤፍ ካናዳ የ12 ደቂቃው ንግግርና የ60 ደቂቃው ጽሑፍ ግን እያንዳንዳቸው 3 ተግባር አላቸውና፣ ለአስጠኚ ከያዙት ገንዘብ ከፊሉን ከፈተናው በፊት ላለው ወር ያስቀሩ።