ደብረ ብርሃን ላይ «የአገራችን ፒኖ ኗር» የሚሏችሁን ወይን እንዳትገዙ!

ንዴቴ ገና አልበረደም። ሌላ ሰው ሳይበላ ብዬ ነው የምጽፈው።

ሻጮቹን ታውቋቸዋላችሁ፤ በር ላይ ቆመው «ግቡ፣ መቅመስ በነጻ ነው» የሚሉት። ልጁ ጠርሙስ ከባንኮኒው ስር አወጣ። «ይሄ እንደ ዝዋዩ ሜርሎ ወይም ሲራ አይደለም። ፒኖ ኗር ነው፣ አንኮበር የበቀለ» አለኝ። ሦስቱም የወይን ፍሬ ዓይነቶች ናቸው። ፒኖ ኗር አገሩ የፈረንሳዩ ቡርጎኝ ነው፤ ቀዝቃዛ አየር ይወዳል። የእኛ ከተማ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ ብርዷን ማን ያጣዋል? ቀመስኩት። የፍሬው ልጣጭ ስስ ስለሆነ የወይኑ ቀለም ሳሳ ያለ ነው፤ ጣቴ ከብርጭቆው ማዶ ይታየኝ ነበር። እንጆሪ እንጆሪ ይላል። ሁለት ጠርሙስ አልኩ። ደረሰኝ ስጠይቅ ያው «ማሽኑ ተበላሽቷል»። ከጓዳ አምጥቶ በጋዜጣ ጠቀለለልኝ።

ትናንት ማታ ከመንዝ የመጡ የባለቤቴ አጎት ፊት ከፈትኩት። ስቀዳው ጥቁር ነው። ጣቴን ከብርጭቆው ጀርባ ባደርግ አይታይም። ጋሼ አንዴ ፉት አሉና «ስኳር ነው እኮ ልጄ» ብለው ብርጭቆውን ቀስ አድርገው ገፉት። ጠርሙሱን በረጠበ እጄ ሳነሳው ወረቀቱ ተንሸራተተ። ላጥኩት። ከስሩ የሌላ ወረቀት ቅዳጅ ከነሙጫው! ቡሹን ገልብጬ ሳየው ቀድሞ መክፈቻ የገባበት ቀዳዳ አለው።

ጠዋት ይዤው ሄድኩ። ያ ፈገግተኛ ልጅ የለም። ገንዘብ ተቀባይዋ ከስልኳ ቀና ሳትል «አየር ነክቶት ነው» አለችኝ። አየር ወይንን ያኮመጥጠዋል እንጂ ስኳር አይጨምርበትም! ይህን ስላት ወደ ጓደኛዋ ዞራ «ጠላ ለለመደ ሰው ወይን ምን ያደርግለታል» አለች። ተሳሳቁ። እኔ እዚያው ቆሜ።

እናቴ ጠላ ሸጣ ነው ያሳደገችን። ከአንዱ ጋን አስቀምሳ ከሌላው ቀድታ ለሰው ሰጥታ አታውቅም። ከብሩ ይልቅ ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ብሩንም አልመለሱልኝም።

የምትገዙትን ጠርሙስ ወረቀት እዚያው በረጠበ ጣት እሹት። ደረሰኝ የለም ካሏችሁ ጥላችሁ ውጡ። ለበዓልና ለሰርግ በካርቶን ልትገዙ ያሰባችሁ ደግሞ አደራ፣ ገንዘባችሁን ሳትከፍሉ አንዱን አስከፍታችሁ ቅመሱ።