ሜይፍላወር፦ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ዶርም ጎርፍ ሲገባው ግቢው ምን ሠራ?

ሜይፍላወር በአሜሪካ አዮዋ ግዛት፣ በአዮዋ ሲቲ ከተማ፣ ሰሜን ዱቡክ ጎዳና ላይ የሚገኝ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ዶርም ነው። ተማሪዎች የሚወዱት ወጥ ቤትና መታጠቢያ በሁለት ክፍል መካከል ስለሚጋሩ ነው፤ ለመላው ፎቅ አንድ ሻወር ካላቸው ዶርሞች ጋር ሲነጻጸር ምቾቱ ትልቅ ነው። ጉድለቱ ቦታው ላይ ነው። መንገዱን ተሻግሮ አዮዋ ወንዝ ይፈሳል፣ ከከተማው በላይ ደግሞ የኮራልቪል ግድብ አለ። (ዓመቶቹንና ቀኖቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍነው።)

በ2008 ሰኔ 10 ቀን ውሃው የግድቡን ትርፍ ውሃ ማስተንፈሻ አልፎ መፍሰስ ጀመረ። ይህ ከ1993 በኋላ ሁለተኛው ነበር። ከዚያ በኋላ ግድቡ የሚለቀውን ውሃ በበር መቆጣጠር አይቻልም፤ የመጣው ሁሉ ያልፋል። ወንዙ ሰኔ 15 ቀን 31.53 ጫማ፣ ማለትም 9.6 ሜትር ገደማ ላይ ደረሰ። ጎርፍ የሚባለው ከ22 ጫማ ጀምሮ ነው። በ1993 የደረሰው ከፍታ 28.52 ጫማ ስለነበር፣ አሮጌውን ምልክት መነሻ አድርጎ የተዘጋጀ ሰው በ3 ጫማ ተበለጠ ማለት ነው።

ዩኒቨርሲቲው ያኔ የሠራውን ስንመዝን ከፍተኛ ነጥብ የምንሰጠው ሰውን ቀድሞ በማውጣቱ ነው። ሕንፃዎቹን አስለቀቀ፣ መደበኛ ሥራውን ለጊዜው አቆመ፣ ከሙዚየሙም የሥዕል ስብስቡን አሸሸ። ጊዜው ክረምት ስለነበር ዶርሞቹ እንደ መስከረም አልሞሉም፤ ይህ ዕድል እንጂ ዕቅድ አይደለም። በብዙ በጎ ፈቃደኞች ጉልበት የተደረደረው የአሸዋ ከረጢት ግን ያሰቡትን ያህል አላዳነም። ወደ 20 የሚጠጉ የግቢው ሕንፃዎች ውሃ ገባባቸው፣ ሜይፍላወርም በታችኛው ወለሉ ከነሱ አንዱ ሆነ።

ለምን አላዳነም? የአሸዋ ከረጢት የሚያቆመው መሬት ላይ የሚመጣውን ውሃ ነው። የአዮዋ ግቢ ደግሞ ከኃይል ማመንጫው እንፋሎትና ሽቦ የሚያደርሱ የመሬት ውስጥ ዋሻዎች አሉት፤ ውሃው በነሱ በኩል ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ተጓዘ፣ ማመንጫውም ራሱ ተጥለቅልቆ ቆመ። ከፊት ለፊት ግድግዳ ሲሠራ ጓዳው ክፍት ቀረ ማለት ነው። በማንኛውም ዶርም ከከረጢቱ በፊት መታየት ያለባቸው የመሬት ውስጥ ዋሻዎች፣ የሽቦና የቧንቧ መግቢያ ቀዳዳዎች እንዲሁም የታችኛው ወለል ማፍሰሻዎች ናቸው። የከተማው ፍሳሽ መስመር ሲሞላ ውሃው በሽንት ቤቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ መመለሻውን የሚዘጋ ቫልቭ ከሌለ ከውጭ የተደረደረው ከረጢት ሁሉ ትርጉም የለውም። የመብራት ማከፋፈያ ፓናሉና ቦይለሩ (ውሃ ማሞቂያው) ምድር ቤት ካሉ ደግሞ ታች የገባው አንድ ሜትር ውሃ የላይኛውንም ፎቅ ያለ መብራት ያስቀራል።

ውሃው ሲወርድም ፓምፕ አስገብቶ ቶሎ መጭለጥ አደገኛ ነው። ከውጭ ያለው አፈር ገና ውሃ ስለጠገበ ውስጡ ባዶ ሲሆን የምድር ቤቱን ግድግዳ ገፍቶ ይጥለዋል። የተለመደው ምክር በቀን ከውሃው ሲሶውን ያህል ብቻ እያወጡ፣ በማግሥቱ ተመልሶ መሙላት አለመሙላቱን እያዩ መቀጠል ነው።

ቀጥሎ ሰዓቱ ይቆጠራል። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ያልደረቀ ነገር ሻጋታ ያወጣል። የአሜሪካ ዶርም ውስጣዊ ግድግዳ አብዛኛው ጂፕሰም ቦርድ (በወረቀት የተለበጠ የጄሶ ሰሌዳ) ነው፤ ወረቀቱ ውሃን ወደ ላይ ይመጥጣል፣ ከኋላው ያለው ኢንሱሌሽንም (ሙቀት እንዳይወጣ የሚሞላው ነገር) እንደ ስፖንጅ ይይዛል። (እኛ አገር የለመድነው ብሎኬት እዚህ ላይ ይሻላል፤ ታጥቦ ይደርቃል።) ስለዚህ የወንዝ ውሃ የነካውን ቦርድ ውሃው ከደረሰበት 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ ቆርጦ መጣል ነው። ምንጣፍና ፍራሽም አብረው ይጣላሉ፣ ምክንያቱም የወንዝ ጎርፍ የፍሳሽ ውሃ ተደባልቆበታል። ከዚያ ማራገቢያና እርጥበት መምጠጫ ማሽን ይገባል፣ አዲሱ ቦርድ የሚለጠፈውም ቦርዱን የሚይዘው እንጨት እርጥበት በመለኪያ ከ16 በመቶ በታች ሲወርድ ነው። ቀለም ቀብቶ ክፍሉን የሚያስረክብ ግቢ ሻጋታውን ከቦርዱ ኋላ ደበቀው እንጂ አላስወገደውም።

ከ2008 በኋላ አዮዋ ተምሯል እንላለን። በ2013 ወንዙ እንደገና ሲያሰጋ ትንበያው ብቻ በቂ ሆኖ የሜይፍላወር ነዋሪዎች ወደ ሌላ ዶርም ተዛወሩ፣ በከረጢት ፋንታም ሄስኮ የሚባለው በሽቦ ቅርጫት አሸዋ የሚሞላበት መከላከያ ቆመ። ዳግም የተሠሩት ሕንፃዎች መለኪያ ከ500 ዓመት ጎርፍ (በየዓመቱ የመድረስ ዕድሉ 0.2 በመቶ ከሆነው) 2 ጫማ በላይ ሆነ። ከተማውም ዱቡክ ጎዳናን ከፍ አድርጎ ሠራ። ቅሬታችን ጊዜው ላይ ነው። በ2008 የተጎዳውን ተክቶ ሃንቸር የተባለው ትልቁ የትርኢት አዳራሽ የተከፈተው በ2016፣ የሥዕል ሙዚየሙ በ2022 ነው። ሜይፍላወር ደግሞ ያው እዚያው ወንዙ አጠገብ ነው። ጎርፍ ሲመጣ ለሚሰጠው ምላሽ ፍጥነት ከአምስት አራት፣ ለቦታ ምርጫው ሁለት።

ልጅዎ ወንዝ የሌለበት ግቢ ቢሄድም ነገሩ አይቀርም። ዶርም ውስጥ ብዙ ጊዜ ጎርፍ የሚያመጣው ጣሪያ ላይ ያለው የእሳት ማጥፊያ ስፕሪንክለር ነው። ልብስ የተሰቀለበት መስቀያ የስፕሪንክለሩን አፍ የምትዘጋውን ትንሽ ብርጭቆ ሲሰብራት በደቂቃ ከ70 እስከ 100 ሊትር ውሃ ይወርዳል፣ የቆየ ስለሆነም ጥቁርና ሽታ ያለው ነው። ዋናው ቫልቭ እስኪዘጋ የታችኛው ሁለትና ሦስት ፎቅ ይበሰብሳል። ለዩኒቨርሲቲው የዶርሞች ጽሕፈት ቤት የሚቀርበው ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፦ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቫልቩን የሚዘጋው ማነው፣ በስንት ደቂቃስ ይደርሳል?

የዶርም ውል ላይ ብዙውን ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ለተማሪው ንብረት ተጠያቂ እንዳልሆነ ተጽፏል። ላፕቶፑንና ልብሱን የሚተካው ሬንተርስ ኢንሹራንስ (ተከራይ ለዕቃው የሚገዛው መድን) ነው። ወላጅ የራሱ ቤት ኢንሹራንስ ካለው ዶርም ያለውን የልጁን ዕቃ ብዙ ጊዜ እስከ ዕቃ ሽፋኑ 10 በመቶ ድረስ ይይዝለታል፤ ደውሎ ማረጋገጥ ነው። ሁለቱም ግን የፈነዳ ቧንቧን እንጂ ከወንዝ የመጣ ጎርፍን በተለምዶ አይሸፍኑም። ለዚያ የፌዴራሉ የጎርፍ ኢንሹራንስ ለተከራይ ዕቃ እስከ 100,000 ዶላር ይሰጣል፣ ሥራ ላይ ለመዋል ግን በአብዛኛው 30 ቀን ስለሚጠብቅ ወንዙ ከሞላ በኋላ ቢገዙት አይደርስም።